ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ለምን ሁለት አምስተኛ አይሆኑም?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ክፍልፋይ ስትደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ትደምርና 1/2 + 1/3 = 2/5 ትላለች። ስህተት ነው ስላት ‹ለምን?› አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ማካፈል ላይ ደግሞ ‹ሁለተኛውን ገልብጪና አባዢ› አልኳት፤ ‹ለምን ይገለበጣል?› አለችኝ። እኔም የተማርኩት በቃል ነው። እንዴት ላስረዳት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ሁለቱ «ለምን» ልጅዎን በርቺ ይበሉልኝ። ደንቡን በቃል ይዘው ያለፉ ልጆች ከፍ ያለ ክፍል ደርሰው አልጀብራ ሲገጥማቸው እዚሁ ክፍልፋይ ላይ ተመልሰው ሲወድቁ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጅዎ ጥያቄውን የጠየቀችው በጊዜው ነው።

ከማስረዳትዎ በፊት ስህተቱን ራሷ እንድታየው ያድርጉ። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል፤ ለአምስት ከተቆረጠ ዳቦ ሁለቱን ቁራሽ የወሰደ ሰው ግማሹን አላገኘም። እንግዲህ ልጅዎ ግማሽ ይዛ ተነሣች፣ ሲሶ ተጨመረላት፣ በመጨረሻ ግን በእጇ ያለው ከግማሽ በታች ሆነ። «ሲጨመርልሽ እንዴት አነሰብሽ?» ብለው ይጠይቋት። እኔ ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ ከደንቡ አስቀድማለሁ። መልሷ ልክ መሆን አለመሆኑን መምህሯ እስኪያርምላት ሳትጠብቅ በራሷ የምታውቅበት መንገድ ይሆናታል።

ስህተቱ ከስንፍና የመጣ እንዳይመስልዎ። ልጅዎ ደጋግማ የምታየው አንድ ነገር አለ፤ የፈተና ውጤት። ከ10 የታረመ ወረቀት ላይ 7/10፣ ከ20 የታረመ ወረቀት ላይ 15/20 ተጽፎ ይመጣል። መምህሩ ሁለቱን ሲያጠቃልል 22/30 ይላል። ላይኛው ከላይኛው፣ ታችኛው ከታችኛው ተደመረ፤ ማንም ስህተት ነው አላለም፣ ስህተትም አይደለም። ነገር ግን እዚያ ላይ ሰባቱ ከአሥር ጥያቄ፣ አሥራ አምስቱ ከሌሎች ሃያ ጥያቄዎች የተገኙ ናቸው። ሙሉው ራሱ እየተጨመረ ሄዶ ሠላሳ ሆኗል። ክፍልፋይ ስንደምር ግን ሙሉው አይለወጥም፤ ያው አንድ ዳቦ፣ ያው አንድ ሊትር፣ ያው አንድ ሰዓት ነው። 7/10 እና 15/20 የአንድ ሊትር ክፍልፋዮች ቢሆኑ ድምራቸው 14/20 + 15/20 = 29/20፣ ማለትም ከአንድ ሊትር በላይ ነው። ይህን ልዩነት ለልጅዎ ቁጭ ብለው ያሳዩአት፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓይነት ምልክት መጻፋቸው ነው ያሳሳታት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የክፍልፋይ ሁለቱ ቁጥሮች የሚጠሩባቸው ላዕልና ታህት የግእዝ ቃላት ናቸው፤ የላይኛውና የታችኛው ማለት ነው። የተቀመጡበትን ቦታ ይነግሩናል እንጂ ሥራቸውን አይነግሩንም። ሥራቸውን የሚነግረን አነጋገራችን ነው። 2/3ን «ሁለት ሦስተኛ» ብለን እናነባለን። «ሁለት» ብዛት ነው። «ሦስተኛ» ግን የቁራሹ ስም ነው፤ አንድ ሙሉ ለሦስት እኩል ሲቆረጥ አንዱ ቁራሽ የሚጠራበት ስም። «ሁለት ብርቱካን» ስንል ብርቱካን ስም እንደሆነው ሁሉ፣ «ሁለት ሦስተኛ» ስንልም ሦስተኛ ስም ነው። ሁለት ብርቱካንና ሦስት ብርቱካን አምስት ብርቱካን ይሆናሉ፤ የተደመረው ብዛታቸው ነው፣ ስማቸው ባለበት ቆየ። ሁለት ሰባተኛና ሦስት ሰባተኛም አምስት ሰባተኛ ናቸው፤ 2/7 + 3/7 = 5/7። ታህቱ የማይደመረው ስም ስለሆነ ነው። እኔ ስለ ክፍልፋይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስተምር ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ስሙ ሲለያይስ? አንድ ስሙኒና አንድ አሥር ሳንቲም በእጇ ያስይዟትና «ስንት አለሽ?» ይበሏት። «ሁለት» ካለች ሁለት ምን? ሁለት ስሙኒ አይደለም፣ ሁለት አሥር ሳንቲምም አይደለም። ለመደመር ሁለቱንም ወደ አንድ ስም ማምጣት አለባት፤ ሃያ አምስት ሳንቲምና አሥር ሳንቲም፣ ሠላሳ አምስት ሳንቲም። በብር ክፍልፋይ ሲጻፍ 1/4 + 1/10 = 25/100 + 10/100 = 35/100 ነው፣ ሲቃለል 7/20። መጽሐፏ «የጋራ ታህት» የሚለው ይህንኑ የጋራ ስም ነው።

ግማሽና ሲሶን ለመደመር ከባለካሬ ደብተር 12 ካሬ ርዝመት ያለው ቀጭን ወረቀት ይቁረጡላት። ግማሹ 6 ካሬ ነው፣ ሲሶው 4 ካሬ፤ አንድ ላይ 10 ካሬ፣ 10/12፣ ሲቃለል 5/6። ቀጥ ያለ ወረቀት የመረጥኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው በእንጀራ ያስረዳል። እንጀራን ለሁለትና ለአራት መቁረጥ ቀላል ነው፤ ለሦስትና ለአምስት እኩል መቁረጥ ግን ለአዋቂም ያስቸግራል። ልጅዋ ቁራሾቹ እኩል አለመሆናቸውን ስታይ ሐሳቧ ወደዚያ ይሄድና ዋናው ነገር ያመልጣታል።

የጋራ ስም መፈለግ የሰው ልጅ ከጥንት የሠራበት ብልሃት ነው። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን ቆጠራ ሊቃውንት አንዱን ዕለት 60 ኬክሮስ ብለው ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ በእኛ ሰዓት 24 ደቂቃ ነው። የዓመቱን ርዝመት ሲናገሩ፣ ከኬክሮስ በታች ያሉትን ካልዒት የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ለጊዜው ትተን፣ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ይላሉ። 15 ኬክሮስ የዕለት ሩብ ነው። ይህ ሩብ አራት ዓመት ሲጠራቀም 60 ይሞላና አንድ ሙሉ ዕለት ይሆናል፤ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን የምትሆነው በዚህ ነው። ስልሳ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት፣ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ግማሽ 30፣ ሲሶ 20፣ ሩብ 15፣ አምስተኛ 12 ኬክሮስ ነው፤ አንዳቸውም አይሰበሩም። ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ 50 ኬክሮስ፣ 50/60፣ ያው 5/6 ነው። ልጅዎ ኬክሮስን ባታውቅ ሰዓቱን ታውቃለች። የሰዓት ግማሽ 30 ደቂቃ፣ የሰዓት ሲሶ 20 ደቂቃ፤ አንድ ላይ 50 ደቂቃ። 2/5 ብትል 24 ደቂቃ ማለቷ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በታች መሆኑን ሳይነግሯት ታየዋለች።

ትንሹን የጋራ ብዜት መፈለግ ልጆችን ያንገላታል። የእኔ ምክር መጀመሪያ ላይ አያስገድዷት ነው። 1/6 + 3/8 ሲመጣ ሁለቱን ታህቶች ታባዛቸውና በ48 ትሥራ፤ 8/48 + 18/48 = 26/48፣ ሲቃለል 13/24። በትንሹ የጋራ ብዜት በ24 ብትሠራው 4/24 + 9/24 = 13/24 ታገኛለች። ያው ነው፤ የመጀመሪያው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ስህተት አይደለም። አቋራጩን ጉልበት ማባከኑ ሲሰማት ራሷ ትፈልገዋለች።

መቀነስም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ብቻ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። 3 ከ1/4 ሲቀነስ 1 ከ2/3 (3¼ − 1⅔) ይሥሩ እንበል። የጋራ ስሙ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ 3 ከ3/12 ሲቀነስ 1 ከ8/12። ከሦስት ስምንት አይቀነስም፣ ስለዚህ ከሦስቱ ሙሉ አንዱን መበደር ይኖርብናል። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ በለመዱት ቅነሳ አሥር ይበደሩና 13/12 ይጽፋሉ። የተበደሩት ግን አንድ ሙሉ ነው፣ አንድ ሙሉ ደግሞ 12 አሥራ ሁለተኛ ነው፤ ስለዚህ 2 ከ15/12 ይሆናል። ከዚያ 1 ከ8/12 ሲነሣ 1 ከ7/12 ይቀራል። በሰዓት ያረጋግጡት፤ ከ3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲቀነስ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፣ 35/60 ሲቃለልም 7/12። እዚያ ላይ ሰዓቱን ሲሰብሩ 60 እንጂ 10 ደቂቃ እንደማያወጣ ልጅዎ በደንብ ታውቃለች። እንዲያውም «ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው» ባለች ቁጥር ከ4 ላይ 1/4 እየቀነሰች ነው።

ማባዛት ላይ የሚመጣው ችግር ከቃሉ ይጀምራል። «ማባዛት» ከ«በዛ» የመጣ ነው። ልጅ ሲሰማው ውጤቱ መብዛት ያለበት ይመስለዋል። 1/2 × 1/3 = 1/6 ሲሆን «ተባዝቶ እንዴት አነሰ?» ይላል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ ክፍልፋይ ሲሆን የማባዛት ምልክቱን «የ» ብላ እንድታነበው ያስለምዷት። 1/2 × 1/3 «የሲሶ ግማሽ» ነው። የሲሶ ግማሽ ከሲሶ ማነሱ ማንንም አይገርምም። እዚህ ላይ ቁራሹ እንደገና ስለሚቆረጥ ስሙም ይለወጣል፤ የሦስተኛ ግማሽ ስድስተኛ ነው። ሲደመር ያልተነካው ታህት ሲባዛ የሚነካው ለዚህ ነው። በባለካሬ ደብተር ቁመቱ 3፣ ወርዱ 5 ካሬ የሆነ ሳጥን ትሥራ፣ ከአምስቱ ቋሚ ረድፍ አራቱን ታቅልም፣ ከዚያም ከተቀለመው ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን በሌላ ቀለም ትደርብበት። ሁለት ቀለም ያረፈባቸው 8 ካሬዎች ናቸው፣ ሁሉም ካሬ 15 ነው፤ 2/3 × 4/5 = 8/15።

ይህ «የ» በአገራችን ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የኖረበት ስሌት ነው። በቀድሞው የመሬት ሥሪት፣ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት፣ አንዳንድ ቦታ አሥራቱ ቀድሞ ይነሣና የቀረውን ምርት ባለመሬቱና እኩል አራሹ ለሁለት ይካፈሉት ነበር። ከ20 ኩንታል ላይ 2 ኩንታል አሥራት ይነሣል፣ 18 ይቀራል፣ ለአራሹ 9 ይደርሰዋል። 1/2 × 9/10 = 9/20። «እኩል አራሽ» ተብሎ የሚጠራው ገበሬ በላቡ ካመረተው ግማሹን እንኳ አያገኝም ነበር። ትልልቅ ተማሪዎችን ሳስተምር ይህን ምሳሌ አልተወውም፤ ግማሽ የሚለው ቃል የምን ግማሽ እንደሆነ ሳይነገር ምንም እንደማይነግረን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ማካፈል ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። «ተካፍሎ እንዴት በዛ?» ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን፣ በገበያ ቀን ከእናቱ ጋር ስኳር በሩብ ኪሎ እየቋጠረ የሚሸጥ ተማሪ ነበረኝ። ሰሌዳ ላይ 3 ÷ 1/4 ጻፍኩለት፤ 3/4 ብሎ መለሰ። «ሦስት ኪሎ ስኳር በሩብ በሩብ ብትቋጥረው ስንት ይወጣል?» ብዬ ስጠይቀው ወዲያው «አሥራ ሁለት» አለኝ። ልጁ ማካፈሉን ያውቅ ነበር። ምልክቱ ያንኑ የሚያውቀውን ነገር እንደሚል የነገረው አልነበረም፤ መምህሩ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ÷ን «ስንት ጊዜ ይገባል?» ብዬ ነው የማስነብበው። 3 ውስጥ 1/4 ስንት ጊዜ ይገባል? 12 ጊዜ።

ስለዚህ ልጅዎን ከመገልበጡ በፊት በጋራ ስም ያካፍሏት። 3/4 ሊትር ዘይት በ1/8 ሊትር ኩባያ ይሰፈር። 3/4 ማለት 6/8 ነው። ስድስት ስምንተኛ ውስጥ አንድ ስምንተኛ ስንት ጊዜ ይገባል? ስድስት ጊዜ። ስማቸው አንድ ከሆነ ስሙን ትተን ብዛቱን ብቻ እናካፍላለን፤ ስድስት ብርቱካን በአንድ በአንድ ቢታደል ለስድስት ሰው እንደሚደርስ ማለት ነው። 3/4 ÷ 2/3 ሲሆንም 9/12 ÷ 8/12፣ እንግዲህ 9 ÷ 8 = 9/8። ምንም አልተገለበጠም፣ መልሱ ግን ልክ ነው። 3/4 ከ2/3 ጥቂት ስለሚበልጥ አንድ ጊዜ ገብቶ ትንሽ መትረፉም ከግምታችን ጋር ይስማማል።

አሁን «ለምን ይገለበጣል?» ለሚለው። አንድ ሊትር ውስጥ 1/3 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ስንት ጊዜ ይገባል? ሦስት ጊዜ። ዕቃው እጥፍ ሆኖ 2/3 ሊትር ቢይዝስ? የሦስት ግማሽ ጊዜ፣ አንድ ተኩል፣ ማለትም 3/2። እነሆ ግልብጡ። 3/2 የሚለው ቁጥር «በአንድ ሙሉ ውስጥ 2/3 ስንት ጊዜ ይገባል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ያለን ግን አንድ ሙሉ ሊትር ሳይሆን 3/4 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ከዚያ መልስ ሦስት ሩቡን እንወስዳለን፣ 3/4 × 3/2 = 9/8። መገልበጡ ለአንድ ሙሉ ይመልሳል፣ ማባዛቱ ወዳለን መጠን ያወርደዋል። ይህን በአንድ ቀን ካልተቀበለችዎ አይጨነቁ፤ በዕቃ እየሰፈረች ሁለት ሦስት ጊዜ ከሠራችው ይገባታል። ሁልጊዜ የሚገለበጠው ሁለተኛው፣ ማለትም ዕቃው መሆኑም ከዚህ በኋላ በቃል መያዝ አያስፈልገውም።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል፤ አዋቂዎችም የሚወድቁበት ነው። 2 ተኩል ሊትር ዘይት 3/4 ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ይቀዳ። 5/2 ÷ 3/4 ማለት 10/4 ÷ 3/4፣ ማለትም 10 ÷ 3፣ 3 ከ1/3 ነው። ሦስት ጠርሙስ ሞላ። ስንት ሊትር ተረፈ? ብዙ ሰው «ሲሶ ሊትር» ይላል። ይቀዳ እስቲ፤ ሦስት ጠርሙስ 9/4 ሊትር ወሰደ፣ ከ10/4 ላይ የቀረው 1/4 ሊትር ነው። ታዲያ ያ 1/3 ከየት መጣ? የጠርሙስ ሲሶ ነው፤ 3/4 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ሲሶው 1/4 ሊትር ነው። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፣ ስማቸው ግን ይለያያል፤ አንዱ በሊትር፣ ሌላው በጠርሙስ የተነገረ ነው።

በስልኳ ማስያ ብትሠራውስ ይሉኝ ይሆናል። ለማረጋገጥ ይሁን። ነገር ግን ማስያው ሲሶን 0.3333333 ብሎ በሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ ያንን ጽፋ በሦስት ብታባዛው 0.9999999 ይመጣል። ሦስት ሲሶ አንድ ሙሉ መሆኑን ደግሞ ማንም ያውቃል። በ1/3 የሠራች ልጅ ምንም አይጎድልባትም።

በዚህ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ስትሠሩ ብዙ ጥያቄ አይደርድሩባት። የወረቀቱን ቁራጭ፣ ሰዓቱንና ሁለት የመጠጥ ጠርሙስ ያዘጋጁላት። እያንዳንዱን ስሌት ከመጀመሯ በፊት መልሱ ከአንድ ሙሉ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለውን በቃሏ ትናገር። ከዚያ የዘይቱን ጥያቄ በውኃ ያሠሯት፤ የተረፈውንም ራሷ ትስፈረው፣ መጀመሪያ በሊትር ቀጥሎ በጠርሙስ።